ሳያሰሙ አይታጠብም

በማስተማር ዘመኔ ከርእሰ መምህራን ጋር የተጣላሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ አላጠፋም። ደወል ተደውሎ ክፍሉን ለሚቀጥለው መምህር ሳስረክብ ሰሌዳው እንደተጻፈበት ነው። "አቶ አየለ፣ ዳስተሩ ምን አደረገዎት?" ይሉኛል። "አንድ ልጅ ገና አላነበበውም" እላለሁ። እልኸኛ ነው ብለው ተዉኝ።

ኋላ ሕፃናትን ማንበብ በማስተማር ደክሟል ተብዬ የተሸለምኩ ዕለት፣ ስሜን የጠራው ሰው "ትዕግሥተኛው መምህራችን" ብሎ አስተዋወቀኝ። ሳቄን ለመደበቅ መሐረብ አወጣሁ። እናቴ ብትሰማው ኖሮ ምን ትል ነበር? እኔ እኮ በቤታችን ንፍሮ ሳይበስል ከድስት እያወጣሁ ምላሴን የምቃጠል ልጅ ነበርኩ። አድጌም አልተሻለኝም። ትዕግሥትን ያስተማረችኝ አንዲት ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት፤ ያስተማረችኝም ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ጣሊያን ሊይዘኝ ዳገቱን እየወጣ ሳለ ነው። እናንተ አንባቢዎቼ እንደምትፈርዱት ፍረዱ እንጂ እኔ ነገሩን እንደሆነው ልንገራችሁ።

ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ደሴ በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። አስተምር ነበር ስላችሁ ግን ልቤ እዚያ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ዓይኔ ያለው ጽሕፈት ቤት ላይ ነበር። ፈረንሳይኛ ቀምሻለሁ፣ የእጅ ጽሑፌ ያማረ ነው፣ አንድ ቀን የትልቅ ሰው ጸሐፊ ሆኜ ከጠመኔ ብናኝ እገላገላለሁ እያልኩ ቀኔን እጠብቃለሁ። ልጅ ፊደል ሲጠፋው ቀድሜ እነግረውና ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ከእኔ ክፍል ቀድሞ መጽሐፍ የሚጨርስ አልነበረም።

ጣሊያን ደሴ ሲገባ ትምህርት ቤቱ የበቅሎ በረት ሆነ። በማግስቱ ዓመት የካቲት ላይ አዲስ አበባ የሆነው ከተሰማ በኋላ ደግሞ ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ይታደን ጀመር። አብሮኝ ያስተምር የነበረ ባልደረባዬ ጠዋት ከቤቱ ተወሰደና ሬሳው እንኳን አልተመለሰም። እኔ ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት እየተሸጋገርኩ፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር ልቤ እየራደ ከረምኩ።

ሼህ እንድሪስ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ፤ ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ከፍ ብሎ ባለ ሰፈር ልጆች ቁርአን የሚያስቀሩ ሽማግሌ። ለገበያ ደሴ ወጥተው ሳለ አባቴ ጉዴን አጫወታቸው። "ከኔ ጋ ይውረዳ" አሉ፤ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ሽርጥ አስታጥቀው፣ ነጭ ጥምጣም ጠምጥመው፣ ሰይድ የሚል ስም አውጥተውልኝ በሐረጎ ቁልቁለት ይዘውኝ ወረዱ። መንገድ ላይ ማተቤን ልበጥስ እጄን ወደ አንገቴ ስሰድ ክንዴን ያዙኝ።

"ተው! እሷን አትበጥስ። የወዳጄን ልጅ ሸሸግሁ እንጂ ሌላ ሰው ላደርግህ አይደለም የወሰድሁህ። ከኮሌታህ ሥር ደብቃት።"

የቁርአን ቤቱ አንድ ሰፊ የሣር ቤት ነው። እያንዳንዱ ልጅ ሉህ አለው፤ እጀታ ያለው፣ በደንብ የተላገ የእንጨት ሰሌዳ። ከጥላሸትና ከሙጫ በተበጠበጠ ቀለም ይጻፍለትና በቃሉ እስኪይዘው ይዞት ይሰነብታል። ሲይዘው ሼሁ ፊት ቁጭ ብሎ ያሰማል። በሚያሰማበት ጊዜ የሚረዳው የለም። አንዲት ቃል ከተነገረው እንዳላሰማ ይቆጠራል፤ ተመልሶ ይቀመጣል። ሉሁን የሚያጥበው ያሰማ ልጅ ብቻ ነው። ያጠበበትም ውሃ መሬት አይደፋም፤ የአላህ ቃል ነውና ይጠጣዋል።

ሼሁ ሥራ ፈትቼ ስቁነጠነጥ ሲያዩ ሰነበቱና አንድ ቀን የአንዱን ልጅ ሉህ ገልብጠው ሰጡኝ።

"ጀርባው ባዶ ነው። ያንተን ፊደል ጻፍበት።"

"ሼህዬ፣ ቢያገኙብንስ?"

"ካገኙብን አገኙብን። ዐረብኛው ለአኼራቸው፣ አማርኛው ለዱንያቸው። ልጆቼ በአንዱም ቢሆን ዕውር እንዲሆኑብኝ አልሻም።"

ልጆቹ የፊደሉስ ውሃ ይጠጣል ወይ ብለው ሲጠይቋቸው ሼሁ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና "ዒልም ዒልም ነው፤ ዕውቀት ሁሉ ይጠጣል" አሉ። ከዚያ ወዲህ ሀሁም ይጠጣ ጀመር።

ከልጆቹ ሁሉ ያስቸገረችኝ ዘይነብ ነበረች። ከወንዙ ማዶ የምትመጣ፣ ቀጭን፣ ዓይኗ ፍጥጥ ያለ ልጅ። እኩዮቿ ፊደሉን ጨርሰው ቃል ማንበብ ሲጀምሩ እሷ የ"ቀ"ን ቤት ይዛ ቀረች። አምስተኛዋ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። እኔ እንደ ልማዴ ዝቅ ብዬ "ቄ" እላታለሁ። ያኔ ጉድ ነው የሚፈላው።

"ነገሩኝኮ! በቃ አላሰማሁም!"

ሉሁን ታቅፋ ተነሥታ ትሄዳለች። የረዱትን ሰው እንዲህ የሚቆጣ ፍጥረት አይቼ አላውቅም። ግትር ናት ብዬ ለሼሁ ስከስሳት "ግትርስ አንተ ነህ፤ አፍህን መዝጋት ያቃተህ" ብለው ሳቁብኝ።

ነገሩ የሆነው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ሐሙስና ዓርብ ዕረፍት ስለሆነ ልጆቹ ሁሉ የሳምንቱን የሚያሰሙት ረቡዕ ነው። ቤቱ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ሼሁ በአንድ ወገን ቁርአኑን ይሰማሉ፣ እኔ በሌላው ጥግ ፊደሉን። የሼሁ ባለቤት እማማ ዘሀራ ውሃ ልትቀዳ ወርደው ነበርና እንስራቸውን እዚያው ጥለው እየሮጡ ገቡ።

"ያ ረቢ! ጣሊያኑ ከመኪናው ወርዷል! አስካሪ አስከትሎ በእግሩ ወደኛ እየወጣ ነው!"

"መንገዱ ነዋ፤ ያልፋል" አሉ ሼሁ።

"አያልፍም! ታች ሰፈር ቤት ለቤት እየጠየቁ ነው። የደሴ የመንግሥት አስተማሪ ቁርአን ቤት ተሸሽጓል ብሎ አንድ ሰው ነግሯቸዋል አሉ፤ የነገራቸውን አላህ ይንገረው!"

ብድግ አልኩ። ከበሩ ውጭ እስከ ወንዙ ድረስ የተጨደ ባዶ ማሳ ነው። እግሬ ሊሮጥ ፈለገ።

"ቁጭ በል!" አሉ ሼሁ። እንዲያ ሲቆጡ ሰምቻቸው አላውቅም። "ከሮጥህ ያ የሚፈልጉት ሰው አንተ ነህ። ከተቀመጥህ ሰይድ ነህ። ልጆች! ፊደሉን ያሰማችሁ እጠቡ፤ ቶሎ!"

አንድ ትልቅ የእንጨት ገበቴ ውሃ መካከል ላይ ነበር። ልጆቹ ከበቡት። የሉሁን ጀርባ በእጃቸው ያሻሉ፣ ጥቁሩን ውሃ በእፍኛቸው ይጠጣሉ፣ እየተጋፉ ለሌላው ቦታ ይለቃሉ። ያላሰሙትም ቢሆኑ የሰዉን ድንጋጤ አይተው አጠቡ። እኔ አንገቴ ላይ ማተቤን በኮሌታዬ ሥር ስገፋ፣ የቀለም ብልቃጡን ምንጣፍ ሥር ስሸሽግ፣ ዞር ብዬ ብመለከት ዘይነብ ግድግዳውን ተደግፋ ሉሁን በሁለት እጇ ታቅፋ ቆማለች።

"ዘይነብ፣ እጠቢው!"

"አላሰማሁም።"

"ዛሬ ግድ የለም፣ እጠቢው!"

"ሳያሰሙ አይታጠብም!"

ልነጥቃት ሉሁን ያዝኩ። ቁጭ አለችና በሆዷ ተኛችበት። ብስባት ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ያ ጩኸት ከወጣ ደግሞ አለቀልን። ከውጭ ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማል፤ እየወጡ ነው። በዚያች የእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ሰባት ፊደል በእኔ እጅ የተጻፈ ነው። ማንም ፊደል የሚያውቅ አስተርጓሚ ካየው እኔም ሼሁም፣ ምናልባት ቤቱም ከነልጆቹ፣ ያበቃልናል። ዞሬ ሼሁን አየኋቸው።

"ስማት እንጂ! ሥርዓቱን ያስተማርናት እኛ አይደለንም?"

"ሼህዬ፣ ደረሱኮ!"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ተቀመጥና ስማት።"

ፊቷ በጉልበቴ ተንበረከኩ። ዘይነብ ቀና አለች፣ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ጣቷን ፊደሉ ላይ አደረገች። "ቀ... ቁ... ቂ... ቃ..."

ቆመች።

የቦት ጫማ ድምፅ አጥሩ ጋ ደርሷል። አንድ ሰው በማላውቀው ቋንቋ ይጣራል። ምላሴ ላይ ያቺ ፊደል ተቀምጣለች፤ አንድ ትንፋሽ ብቻ ናት። አፌን ስከፍት ዘይነብ ትንሽ እጇን አንሥታ ከንፈሬ ላይ ጫነችው።

"አይንገሩኝ ጋሽ ሰይድ!"

ጠበቅኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ልጅ ጠበቅኩ፤ ወድጄ ሳይሆን አፌ ተይዞ ነው። ዓይኗ ፊደሏን ሙጭጭ ብሎ ይዟል፣ ግንባሯ ተቋጥሯል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እንዲህ እንደምትደክም አላውቅም ነበር። ዝም ስትል ባዶ የሆነች ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ውስጧ ቁፋሮ ነበር። እኔ በየጊዜው ቁፋሮውን አቋርጬ ያላወጣችውን ሳስታቅፋት ኖሬያለሁ።

"ቄ!" አለች። "ቄ! ቅ! ቆ!"

"አሰማሽ!" አልኳት። ሉሁን ራሷ ይዛ ሮጠች፣ ገበቴው ላይ ጀርባውን ብቻ አርሳ አሸችው፣ ውሃውን በእፍኟ ቀድታ ጠጣች። ሁለተኛውን እፍኝ ስታነሣ በሩ ጨለመ።

ጣሊያኑ መኮንን ቀጭን ሽማግሌ ቢጤ ነው። አጠገቡ ኮት የለበሰ አስተርጓሚ፣ ከኋላቸው ታርቡሽ ቆብ የደፉ የጣሊያን ቅጥር ጥቁር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ። መኮንኑ ከንፈራቸው የጠቆረውን ልጆች አንድ በአንድ አየና አንድ ነገር አለ።

"ምንድን ነው የሚጠጡት?" አለ አስተርጓሚው።

"የተማሩትን" አሉ ሼሁ።

አስካሪዎቹ ቤቱን አመሰቃቀሉት። ቆጡ ላይ ወጡ፣ ጎታውን አንኳኩ፣ ምንጣፉን ገለበጡ። የቀለሙ ብልቃጥ ተገኘ፤ ግን በቁርአን ቤት ቀለም ምን ይገርማል? ሉሁን እያነሡ ፊትና ጀርባውን አዩ። ፊቱ ቁርአን፣ ጀርባው እርጥብ እንጨት። አስተርጓሚው ግን ከመጣ ጀምሮ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም።

"ይሄስ ማነው?"

"ሰይድ ነው። ልጆቹን ይሰማልኛል" አሉ ሼሁ።

"እጁ የገበሬ እጅ አይደለም።"

"የኔስ እጅ የገበሬ ነው እንዴ? ከሉህ ጋር የዋለ እጅ ሞፈር አይጨብጥ።"

አስተርጓሚው ፊቱን ወደ ዘይነብ አዞረ። ከሁሉ ታናሽ ስለሆነች፣ ከንፈሯም ገና እርጥብ ስለሆነ ይመስለኛል። "ነይ እስኪ አንቺ። ይሄ ሰውዬ ምን ያስተምርሻል?"

ይህች ልጅ መዋሸት አታውቅም። ሐራም ነው ተብላለች፤ አንዴ ሐራም የተባለን ነገር ደግሞ የምታደርግ ልጅ አልነበረችም።

"አያስተምሩኝም" አለች።

"ታዲያ ምንሽ ነው?"

"ይሰሙኛል።"

መኮንኑ ተተርጉሞለት ጥቂት አሰበና አዘዘ። አስተርጓሚው ፈገግ አለ። "መኮንኑ፣ የቁርአን ሰው ከሆነ ይስማት እንየው ይላል። ከአስካሪዎቻችን ቁርአን የቀራ አለ።" አንዱን ጠራው። ረጅም፣ ጠይም፣ ሽበት የጀመረው አስካሪ ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጠና ከእኔ አጠገብ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ።

ዘይነብ ሉሁን ወደ ቁርአኑ ገጽ ገልብጣ፣ ወደ እኔ አዙራ ጭኔ ላይ አኖረችና ፊቴ ቁጭ አለች። ሱራውን ጀመረች። ከወራት ጆሮዬ የለመደው ዜማ ነው፤ የቱ ጋ እንደሚነሣ የቱ ጋ እንደሚወድቅ አውቃለሁ፣ ቃሉን ግን ለብቻዬ በል ብባል አልችልም። ማንበቡንማ ተዉት። ጭንቅላቴን በዜማው እያወዛወዝኩ በልቤ የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ እጠራለሁ። በደንብ ሄደች፣ ሄደች፣ ወደ መጨረሻው ግድም ስትደርስ ቆመች።

የሚቀጥለው ቃል እንደ ጨለማ ሆኖ ጠፋኝ። አስካሪው ያውቀዋል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ ጥግ አየሁት። ሼሁ ያውቁታል፣ ልጆቹ ያውቁታል፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

"ለምን አይነግራትም?" አለ አስተርጓሚው። "አያውቀውማ!"

ዘይነብ ቀና ብላ አየችኝ። ያ ዓይን ከጥቂት ጊዜ በፊት አፌን የያዘው ዓይን ነው። አይንገሩኝ ይላል። እኔም ያለኝ መንገድ አንድ እሱ ብቻ ነበር። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ፊቴን አረጋግቼ፣ እንዳልተጨነቀ ሰው ጠበቅኳት።

"አያውቀውም እኮ ነው የምልህ!" አለ አስተርጓሚው ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ ወደ መኮንኑም ዞረ።

ያኔ አስካሪው እጁን አነሣ። "ዝም በል፣ ልጂቱን አታጥፋባት" አለ በተሰባበረ አማርኛ። "ቢነግራት ነበር አስተማሪ አይደለም የምለው። እኔም ልጅ ሆኜ የኛ ሼህ እንዲህ ነበሩ። ፀሐይ ቢጠልቅም አይነግሩም። ቁጭ ብለው ያዩናል።"

ይህን ሲናገር ዘይነብ ቃሏን አገኘች። ድምፅዋ ከፍ ብሎ ወጣና ሱራውን እስከ ፍጻሜው አወረደችው። አስካሪው "ማሻአላህ" አለና ራሷን ዳበሳት። ከዚያም ተነሥቶ ለመኮንኑ በጣሊያንኛ ተናገረ። መኮንኑ ሰዓቱን አየ፣ ትከሻውን ነቀነቀ፣ ጎንበስ ብሎ ወጣ። አስተርጓሚው በሩ ላይ ዞር ብሎ ለረጅም ጊዜ አየኝና ተከተለው።

የቦቱ ድምፅ ቁልቁል ጠፋ። እማማ ዘሀራ መጀመሪያ አለቀሱ። ሼሁ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። እኔ ጎንበስ ብዬ የተገለበጠውን ምንጣፍ ማንጠፍ ጀመርኩ። ሼሁ "አብሽር፣ አብሽር ልጄ" እያሉ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ዘይነብን አስጠጋኋት። "እኔን ለማዳን ብለሽ ነው እዚያ ላይ የቆምሽው?"

"አይ። ረስቼው ነው" አለች።

ከዚያ ሉሁን ገለበጠችና የታጠበውን ጀርባውን አስታቀፈችኝ። "‹ቀ›ን አሰምቻለሁ። ቀጣዩን ይጻፉልኝ።"

"አሁን?"

"አሁን።"

ብዕሩን ያዝኩ። የ"በ"ን ቤት ጻፍኩላት። አይታ አይታ "ጠማማ ነው" አለችኝ፤ ግን ይዛው ሄደች።

እዚያ ቤት መሰንበት ስላልተቻለ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሼሁ ወደ ሌላ ወዳጃቸው አገር አሻገሩኝ። ዘይነብን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ጣሊያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ ኮምቦልቻ ወርጄ ስጠይቅ ወደ ባቲ ግድም ተድራ ሄዳለች አሉኝ። ሼሁ አርጅተው ነበር። "ከነሉህዋ ነው የሄደችው" አሉኝ እየሳቁ። "ሙሽራ ሉህ ይዛ ስትወጣ ያየሁት እሷን ብቻ ነው። ከእኩዮቿ እየቀዳች ጀርባውን ፊደል ሞልታዋለች፤ ፊደሉን እኔ አላውቀው፣ የሚሰማኝ ሰው የለም ብላ ሳታጥበው።"

ይህን ሲነግሩኝ አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም። በዚያው ሰሞን ደሴ የተመኘሁት የጽሕፈት ቤት ሥራ ቀርቦልኝ ነበር። ጠረጴዛም፣ ወንበርም፣ ማኅተምም ነበረው። የሚሰማት አጥታ ሉህዋን ሳታጥብ ያቆየች ልጅ እያለች እኔ ማኅተም ስመታ ልውል ነው? አልኩ። ሥራውን ትቼ ወደ ጠመኔው ተመለስኩ፤ እስከ ጡረታዬም ከዚያ አልወጣሁም።

አንባቢዎቼ፣ ልጅ ያላችሁ፣ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያላችሁ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ልጁ ፊደል ላይ ሲቆም አትንገሩት። ዝም ማለቱ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ፣ እኔ ሞት ደጄ ላይ ቆሞ ነው የተማርኩት። ልጁ ግን ዝም ሲል ሥራ ላይ ነው። ያገኘውን የራሱ ሊያደርገው ነው፤ እናንተ ከነገራችሁት ግን የእናንተ ሆኖ ይቀራል።

ሽልማቱ እዚህ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ አንድ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ የሰፈር ልጆች ከሰዓት በኋላ እየመጡ ያሰሙበታል። አሁን ይህን ስጽፍ የጎረቤቴ ልጅ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። ጓደኞቿ ሄደዋል፣ እናቷ ሁለቴ ተጣርታለች። አምስተኛዋ ላይ ደርሳ ቆማለች። እኔም ብዕሬን አስቀምጬ እየጠበቅኳት ነው።